«ተመስገን» ስንት ቁጥር ነው?

«ከዜሮ እስከ አሥር ቢሰጡት፣ የጉልበትዎ ሕመም ስንት ነው አባቴ?» ዶክተር ናፍቆት ጠየቀች።

«ተመስገን ነው» አሉ አቶ ተክለብርሃን።

«ተመስገን ስንት ቁጥር ነው?»

«እንግዲያው ሁለት በዪው።»

ሥርጉት ከአያቷ ጎን ቆማ ጥርሷን ነከሰች። ሁለት! ከቤታቸው ወደ አስፋልቱ የሚያወርደውን አሥራ አራት ደረጃ ሰው በማያይበት ሰዓት፣ ፊታቸውን ወደ ቤቱ አዙረው የኋሊት የሚወርዱ ሰው ሁለት ይላሉ! የሰፈሩ ባጃጅ ነጂ ፈይሰል አንድ ቀን አይቷቸው «ጋሼ፣ በሪቨርስ ነው እንዴ?» ብሎ ሲቀልድ፣ ሥርጉት ባጃጁን በድንጋይ ልትለው ምንም አልቀራት።

ነገሩ የገባት ቶሎ ነው። ፋይሉን ይዞ የቆመው ነርስ በዛብህ የአያቷ የድሮ ተማሪ ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመት ዲላ ውስጥ ጂኦግራፊ ያስተማሩ ሰው ተማሪ ፊት አያቃስቱም። የዚህ አገር ሰው እንደሆነ ቤቱ እየተቃጠለ እንኳ «እንዴት ነህ?» ሲሉት «ተመስገን» ይላል። ለጎረቤት ይበል! ለሐኪም ምን የሚሉት ይሉኝታ ነው?

«ሁለት ከሆነማ መርፌው አያስፈልግዎትም» አለች ዶክተሯ እየጻፈች። «ክኒንዎን ይቀጥሉ።»

ዶክተሯ ከአዲስ አበባ የመጣችው ለሁለት ቀን ነበር። ዛሬ በሙከራው መርፌ የተሻላቸውን ከወር በኋላ ተመልሳ ታክማቸዋለች። ዛሬ ያልተሞከረ ቀረ ማለት ነው።

«የኋሊት ነው ደረጃ የሚወርዱት!» ሥርጉት ጮኸች። «ቤተ ክርስቲያን ከሄዱ ዓመት ሞላቸው! ጫማቸውን የማስርላቸው እኔ ነኝ!»

«ሥርጉት!» ስልሳ ተማሪ ጸጥ ያሰኝ የነበረው ድምፅ ነው።

«ይቆጡኝ አባባ። ሁለት ግን አይደለም።»

በዛብህ ፋይሉን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ቲቸር፣ ያልገባንን ካርታ ገባን ስንል ምን ይሉን ነበር?»

«ሳያውቅ የሚመራ ገደል ይከታል» አሉ አቶ ተክለብርሃን። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ፤ «ስምንት። ደረጃ ላይ ዘጠኝ።»

ዶክተሯ ወንበሯን አስጠጋች። «ዛሬ የምወጋዎት ማደንዘዣ ነው። የጉልበቱን ሕመም የሚያደርሱትን ነርቮች ለጥቂት ሰዓት ያስተኛቸዋል። ሕመሙ ቢያንስ በግማሽ ከቀነሰልዎ፣ በሚቀጥለው ወር እነዚያኑ ነርቮች በመርፌ ጫፍ ሙቀት እናቃጥላቸዋለን። እውነቱን ልንገርዎ፣ ያረጀው መገጣጠሚያ አይታደስም። ነርቩም ውሎ አድሮ መልሶ ይበቅላል። ግን ስድስት ወር፣ ምናልባትም ዓመት እፎይ ይላሉ።»

መርፌውን ወግታ ስትጨርስ፣ ሣጥን ሣጥን የተሰመረበት ወረቀት ለሥርጉት ሰጠቻት። «በየሰዓቱ ጠይቀሽ ጻፊ። የሚሉሽን ብቻ።»

አያቷ በባጃጁ ውስጥ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ቤት ሲደርሱ ግን አሥራ አራቱን ደረጃ ሳያርፉ ወጡ፤ ሥርጉት በዓይኗ አየች። በረንዳው ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«አባባ፣ ስንት ነው?»

ዝም።

ከአንድ ሰዓት በኋላም ጠየቀች። ዝም። ኩርፊያቸውን ታውቀዋለች፤ ወር ይፈጃል። ሁለት ሣጥኖች ባዶ ቀሩ፤ ሦስተኛው ደረሰ፤ የማደንዘዣው ሰዓት ደግሞ እየሮጠ ነው። የእስክሪብቶውን ክዳን ነቀለች። ዜሮ ብትጽፍ ማን ያውቃል? ደረጃውን ሲወጡ አይታቸው የለ?

ጫፉ ወረቀቱን ነካ። ያ «ሁለት በዪው» ያሉት ድምፅ ጆሮዋ ላይ አቃጨለ፤ እንደገና አናደዳት። እስክሪብቶውን አነሳችና እግራቸው ሥር መጥታ ተቀመጠች።

«ካልነገሩኝ ባዶውን ነው የምመልሰው። አልዋሽልዎትም።»

አቶ ተክለብርሃን ተነሥተው ወደ ደረጃው ሄዱ። እንደ ልማዳቸው ወደ ቤቱ ዞሩ፤ ቆም አሉ፤ ከዚያ ፊታቸውን ወደ አስፋልቱ መለሱ። አንድ ወረዱ። ሁለት። ሦስት።

ታች ባጃጁን የሚያጥበው ፈይሰል ቀና አለ። «ጋሼ! ማርሽ ተቀየረ እንዴ?»

«ሥራህን ሥራ!» አሉት። ከዚያም ዞር ሳይሉ፣ «ሦስት» አሉ። «ደረጃ ላይ አራት። የሚነበብ አድርገሽ ጻፊ።»

ጻፈች። «ያለፉት ሁለት ሰዓታትስ አባባ?»

«ጠይቀሽኝ ነበር። አልመለስኩም።»

ሥርጉት ሁለቱን ሣጥኖች ባዶ ተወቻቸው።