ፍጥነቱን ለክታ ወርዱን የረሳችው

«አትንቀሳቀስ አልኩህ እኮ!»

ናዝሬት ሰውዬውን ስትቆጣው ይህ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። በዓይኑና በጆሮው መሃል ቀዝቃዛ ቅባት ቀብታ፣ ትንሽ የአልትራሳውንድ መሣሪያ አስደግፋ፣ ወደ አንጎሉ የሚገባውን ደም እየፈለገች ነበር። ሰውዬው ቤዛብሕ ይባላል፤ አዲሱ ገበያ ልብስ ሰፊ ነው። ጉለሌ ባለ አንድ ሆስፒታል ለምትሠራው የማስተርስ ጥናት በፈቃዱ የመጣ ጤነኛ ሰው።

ድንገት ሹ... ሹ... የሚል ድምፅ ክፍሉን ሞላው።

«ይሄ የኔ ደም ነው?» ዓይኑ እንደ ሕፃን በራ።

«ያንተው ነው። አሁን በዚህ ጭምብል ካርቦን ዳይኦክሳይድ የበዛበት አየር ትስባለህ። ያኔ ደሙ ይፈጥናል። ከፍጥነቱ ተነስቼ ወደ አንጎልህ ምን ያህል ደም እንደሚሄድ አሰላለሁ።»

ትንሽ አሰበ። «ፍጥነቱን ለካሽ... ወርዱስ?»

«የምኑ ወርድ?»

«የደም ሥሩ ነዋ! ሰፋ ካለ፣ በዚያው ፍጥነት ብዙ ደም አያልፍም እንዴ?»

«ይሄ ትልቁ ሥር ብዙም አይሰፋም ተብሎ ነው የሚሠራው።»

«አንቺ ለክተሽዋል?»

ፊቷ ጋለ። «ተነስ፣ ጨርሰናል!» አለችው።

ጥያቄው ግን አልለቀቃት አለ። በሦስተኛው ቀን ራሷ ደወለች። «እ... ማለቴ፣ ያልከው ነገር ልክ ሳይሆን አይቀርም።» ሳቀ። ከዚያ መደዋወል መጣ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ እንጦጦ ማርያም በእግር መውጣት መጣ። እሱ መጠየቅ አይታክተውም። እሷም ሳይታወቃት ጥያቄዎቹን መናፈቅ ጀመረች።

ወርዱን ለመለካት የኤም አር አይ ተራ ስታገኝ መጀመሪያ ያስነሳችው እሱን ነው፤ አንዴ እንዲሁ፣ አንዴ በጭምብሉ እየተነፈሰ። ምስሎቹን ስታስተያይ ክው አለች። ሥሩ በእርግጥ ሰፍቷል! በፍጥነት ብቻ ያሰላችው የደም መጠን ከእውነቱ ያነሰ ነበር ማለት ነው። ጥናቷን ፈታኞች ፊት ልታቀርብ የቀራት ደግሞ ሁለት ሳምንት ብቻ!

ረዳቷ ቡርቱካን ምርመራው እንዲደገም ለቤዛብሕ ደወለችለት። «ናዝሬት ምስልህን አይታ ደንግጣለች። የአንጎልህ ሥር ሰፍቷል። ቶሎ ና።»

አልመጣም። ስልክም ማንሳት ተወ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን... አምስት ቀን።

«ሰለቸሁት» አለች ናዝሬት ለራሷ። «ጉጉቱ ሲያልቅ እኔም አለቅኩ።»

በስድስተኛው ቀን አልቻለችም። ሱቁ ዝግ ነበር። ጎረቤቶቹን ጠይቃ ቀጨኔ፣ እህቱ ቤት ድረስ ሄደች። ቤዛብሕ የደንበኞቹን ልብስ እያጣጠፈ ፌስታል ውስጥ ይከት ነበር። ከስቷል።

«ለምን ጠፋህ? ንገረኝና ልሂድ!»

«አንቺን ማሳቀቅ አልፈለግሁም።» ድምፁ ተቆራረጠ። «እናቴ የሞተችው አንጎሏ ውስጥ ሥር ፈንድቶ ነው። መጀመሪያ ሰፋ፣ ከዚያ ፈነዳ ነው ያሉን። ቡርቱካን የኔም ሰፍቷል ስትለኝ... በቃ፣ የሰው ልብስ ሳልመልስ እንዳልሞት ብዬ ነው።»

ናዝሬት የልብሱ ክምር ላይ ቁጭ አለች። እየሳቀች እንባዋን ጠረገች።

«ቤዚ! ያንተ ሥር ጤነኛ ነው! ያን አየር ስትስብ ሰፋ አለ፣ ስትተወው ተመለሰ። የእናትህ ሌላ ነው። የደነገጥኩት ለጥናቴ ነው። አንተ ትክክል ሆነህ፣ እኔ ተሳስቼ!»

የያዘውን ልብስ አስቀመጠ። «አልሞትም?»

«በዚህ አትሞትም! ስልክ ባለማንሳትህ ግን እኔው ልገድልህ ነበር!»

እጇን ያዘ። አልለቀቃትም።

አማካሪዋ ዶክተር ስብሐት «ይሄን የወርዱን ነገር ለሌላ ጊዜ አቆዪውና ተመረቂ» ብለው መክረዋት ነበር። ቀኑ ሲደርስ ግን ፈታኞቹ ፊት ቆማ «ፍጥነት ለክቼ መጠን ነው ብዬ ጻፍኩ። ተሳስቻለሁ» አለች። ስድስት ወር ጨምረው፣ የሌሎቹንም ሰዎች ሥር ወርድ ለክታ እንድትመለስ ወሰኑ።

ቤዛብሕ በር ላይ ይጠብቃት ነበር።

«ስድስት ወር?» አለ ቅር ብሎት። «እኔ እኮ ሽማግሌ ለመላክ ምረቃሽን ነበር የምጠብቀው።»

ቀና ብላ አየችው። «ማን ጠብቅ አለህ?»

ሽማግሌዎቹ በመጣው እሁድ ሄዱ። ናዝሬት የሃያ ሰው ሥር ለክታ፣ ቁጥሮቿን አርማ ጥናቷን ስታቀርብ ጣቷ ላይ ቀለበት ነበር። ፊት ወንበር ላይ ባሏ፣ ራሱ የሰፋውን ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ከፈታኞቹ ሁሉ በላይ ጆሮውን ሰጥቶ ያዳምጣት ነበር።