የሁለት ጦር ቀዛፊ

በሉ ጠጋ ጠጋ በሉ። ያን ሻማ ከፊቴ አንሱልኝ፣ ዓይኔን ወጋው። በሩ ተዘግቷል? እርግጠኛ ነህ? ሄደህ እየው እስቲ። እንግዲህ አፍ ይዘጋ፣ ጆሮ ይከፈት። የፈራ ካለ አሁኑኑ ሄዶ ይተኛ፤ ኋላ «ቃዠሁ» ብሎ የሚከሰኝ እናት አልፈልግም።

ጊዜው ምሽት ነው፣ ሁለት ሰዓት ገደማ። ጭጋጉ ወንዙን ሞልቶ ወደ ሜዳው ወጥቷል። ወደ ወንዙ የሚወስደው መንገድ ቀጭን ነው፤ ግራው ረግረግ፣ ቀኙም ረግረግ። በዚያ መንገድ አንድ ሰው ይሄዳል። ከማን ጋር? ከማንም ጋር አይደለም። ብቻውን! ፊቱን እስከ ዓይኑ ድረስ በሻርፕ ጠምጥሟል። ስሙ ባርቶሽ ነው። ሥራው ጀልባ መቅዘፍ ነው።

አገሩ ፖላንድ ነው፣ ሩቅ ነው። የመንደሩን ስም አትጠይቁኝ፤ አላውቀውም፣ ባውቀውም አልነግራችሁም። ያን ጊዜ ጀርመን ከምዕራብ ገባ፣ ሩስያ ከምሥራቅ ገባ፣ አገሪቱን እንደ ቅርጫ ሥጋ ተከፋፈሏት። ድንበሩ ወንዙ ሆነ። ወዲህ ማዶ፣ የባርቶሽ ቤት ያለበት፣ የጀርመን፣ ወዲያ ማዶ የሩስያ።

ምን አልክ አንተ? «ጀርመንና ሩስያማ ደመኞች አይደሉ እንዴ?» ኋላ ነዋ! ኋላማ ተፋጁ፣ የሰው ዘር አለቀ። መጀመሪያ ግን ወዳጆች ነበሩ። ትምህርት ቤት ምን እንደሚያስተምሯችሁ እንጃ። የጀርመኑ ሻምበልና የሩስያው ሻምበል ቅዳሜ ቅዳሜ ወንዙ መሐል ባለች የአሸዋ ደሴት ላይ ይገናኙ ነበር። ጀርመኑ ቋሊማ ያመጣል፣ ሩስያው ቮድካ ያመጣል። ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ትከሻ ለትከሻ ይደጋገፋሉ። ምን ይነጋገራሉ? ስለ ሰው ነዋ! «ከእኔ የሸሸውን አንተ መልስልኝ፣ ከአንተ የሸሸውን እኔ እመልስልሃለሁ።» በቃ፣ ውላቸው ይኸው ነው።

ሰው ደግሞ ይሸሻል። ጀርመንን የፈራ ወደ ምሥራቅ ይሸሻል፤ ሩስያን የፈራ ወደ ምዕራብ ይሸሻል። አንድ ቀን አንድ ጫማ ሰፊ ከምሥራቅ ዋኝቶ መጣና ዳር ላይ ወጣ። እዚያው ዳር ላይ አንድ ሽማግሌ መምህር ለመሻገር ቆሟል።

«ከየት ነው የምትመጣው?» አለ መምህሩ።

«ከዚያ ማዶ።»

«እኔ ደግሞ ወደዚያ መሄዴ ነው።»

«አብደዋል እንዴ?» አለ ጫማ ሰፊው።

«ያበድከውስ አንተ!» አለ መምህሩ። ከዚያ ሁለቱም ሳቁ። ወዲያውም ሁለቱም አለቀሱ።

አሁን ወደ ባርቶሽ እንመለስ። ባርቶሽ ሚስቱ ሞታለች። አንድ ልጅ ብቻ አለችው፤ ሃንካ ትባላለች። ከእሷ ሌላ በዚህ ምድር ላይ ማንም የለውም። ሃንካ ጦርነቱ ሳይመጣ ወደ ምሥራቅ ማዶ፣ የአንድ ቀን መንገድ ርቃ ተድራለች። ወንዙ ድንበር ሲሆን አባትና ልጅ ተቆራረጡ። አንድ ቀን ግን ወረቀት መጣለት፤ አንዲት ሴት ጓንቲዋ ውስጥ ደብቃ ነው ያሻገረችለት። «አባዬ፣ ባሌን ወታደሮች ወሰዱት። ብቻዬን ቀረሁ። አውጣኝ» ይላል። ሌላ ቃል የለውም።

አባት ምን ያደርጋል? እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ሄዶ የጀርመኑ ሻምበል እግር ላይ ወደቀ። ሻምበሉ ቅዳሜ ወደ ደሴቷ ይዞት ሄደ። ሁለቱ ሻምበሎች ቋሊማቸውን እየጎረሱ ሰሙት።

«የይለፍ ወረቀቱ የሁለታችንንም ማኅተም ይፈልጋል» አለ ጀርመኑ።

«ማኅተም ደግሞ ለሚያገለግል ሰው ነው» አለ ሩስያው። «አንተ ጀልባ ታውቃለህ። ወንዙን ታውቃለህ። የሚሻገሩትን አምጣልን።»

«ልጄን ትሰጡኛላችሁ?» አለ ባርቶሽ።

«የወታደር ቃል ነው!» አሉት ሁለቱም፣ አንድ ላይ።

የወታደር ቃል! ኤዲያ!

ባርቶሽ ከሰፈሩ ርቆ፣ ማንም የማያውቀው ረግረግ ዳር ጀልባውን አሰረ። «የሚያሻግር ሰው አለ» የሚል ወሬ በሁለቱም ዳር ተነዛ። እሱም ሕግ አወጣ። ሦስት ድንጋይ ወደ ውሃው ወርውር፣ እመጣለሁ። ጯ! ጯ! ጯ! ጀልባው ውስጥ ቃል እንዳትተነፍስ፤ ድምፅ በውሃ ላይ ሩቅ ይሄዳል። ብርድ ልብስ ተከናነብ፤ ፊት በጨለማ ያበራል። ጀርባህን ሰጥተኸኝ ተቀመጥ። ሰዎቹ «አይ ጠንቃቃ! እግዚአብሔር ነው የሰጠን» ይሉ ነበር። ጥንቃቄ መስሏቸው እኮ ነው። እሱ ዓይናቸውን ማየት አልፈለገም፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

እንዴት እንደሚያደርግ ልንገራችሁ? ጨካኝ ነገር ነው። ጭጋጉ መሐል ይገባል። ከዚያ ጀልባውን ቀስ ብሎ፣ በጣም ቀስ ብሎ ያዞረዋል። ያሻገረ መስሎ፣ ሰውየውን ወደተነሣበት ዳር፣ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይመልሰዋል። «ደርሰሃል፣ ሩጥ!» ይለዋል በሹክሹክታ። ሰውየው ይሮጣል። ወዴት? ወደሸሻቸው ወታደሮች እቅፍ!

መጀመሪያ ያሳፈረው ያን መምህር ነው። መምህሩ ሲወርድ የባርቶሽን እጅ ሳመ። ከዚያ ሮጠ። አሥር እርምጃ እንኳ አልሞላም። ባርቶሽ ዞሮ አላየም። ከዚያ ወዲህ ስንቱን መለሰ! አንዱን ሐኪም፣ ሁለት እህትማማቾችን፣ ያን ዋኝቶ የመጣውን ጫማ ሰፊ ሳይቀር፤ ጫማ ሰፊው ጀርመኖችን ካየ በኋላ ተጸጽቶ ወደ ሩስያ ሊመለስ ፈልጎ ነበር። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ባርቶሽ ኮፍያውን አውልቆ ይጠይቃል። «የልጄ ወረቀት?» «ትንሽ ቀረው» ይሉታል። የበረዶው ወቅት አለፈ። በጋው አለፈ። ሌላ በረዶ መጣ። ትንሽ ቀረው!

አንድ ምሽት ከምሥራቁ ዳር ሦስት ድንጋይ ተወረወረ። ጯ! ጯ! ጯ! ባርቶሽ ሄደ። አንዲት ሴት ናት፤ ተከናንባ፣ ጀርባዋን ሰጥታው ተቀመጠች። ቃል አልተነፈሰችም፣ ሕጉን ነግረዋታል። መሐል ወንዝ ሲደርስ አዞራት። መለሳት። «ደርሰሻል፣ ሩጪ!» አላት፤ በሻርፑ ውስጥ፣ በሹክሹክታ። ሮጠች። እሱም መቅዘፊያውን አንሥቶ ራቀ። ትንሽ ቆይቶ ከኋላው የሰው ንግግር ሰማ። ከዚያ ሳቅ። ከዚያ ደግሞ ወደ ውሃው ተመልሶ የሚሮጥ የእግር ኮቴ። «አባዬ!» ብላ ጮኸች ሴትዮዋ። ጥይት ተተኮሰ። አንድ ጊዜ ብቻ።

ዞሮ አየ? አላየም። «ሰው ሲጨንቀው አባቱን ይጠራል» አለና ቀዘፈ።

ዝም! ማነው «ወይኔ» ያለው? ገምተሃል አይደል? ገምተህ እንደሆነ ዋጠው። እሱ አልገመተም። ሰው የማይፈልገውን ነገር መቼ ይገምታል?

በነጋታው ማታ ሦስት ድንጋይ ሰማ። ጯ! ጯ! ጯ! ወደ ምሥራቁ ዳር ሄደ። ሰው የለም። «ማነው?» አለ። ሊመለስ ሲል የጀልባው አፍንጫ ዝቅ አለ፤ ልክ ሰው እንደተቀመጠበት። መቀመጫው ግን ባዶ ነው። ቀዘፈ፤ ጀልባው ከበደው። ላቡ በጀርባው ወረደ። ምዕራቡ ዳር ሲደርስ ጀልባው ቀለለ፣ የሚንጠባጠብ ውሃ ድምፅም በሣሩ ላይ ሄደ፣ ሄደ፣ ጠፋ። «ነፋስ ነው» አለ ባርቶሽ። ነፋስ ነበረ? ቅጠል እንኳ አልተንቀሳቀሰም!

ከሳምንት በኋላ ደግሞ ሦስት ድንጋይ። አሁን መቀመጫው ላይ ብርድ ልብስ አለ። እርጥብ ነው። ማንም አልለበሰውም፤ ግን ቆሟል፣ ሰው የተከናነበው ይመስል። ባርቶሽ በመቅዘፊያው ገፍቶ ውሃ ውስጥ ጣለው። ብርድ ልብሱ አልሰጠመም። ከጀልባው ጎን ጎን እየተንሳፈፈ እስከ ዳር ሸኘው። ያን ሌሊት ባርቶሽ አልተኛም። ሆኖም ሥራውን አልተወም። ለምን? ማኅተሙ ትንሽ ቀርቶታላ!

ሰኔ ገባ። ቅዳሜ ሆነ። ሻምበሎቹ ደሴቷ ላይ ተገናኙ። ጀርመኑ ያን ቀን ቋሊማ አላመጣም፤ ሰዓቱን ቶሎ ቶሎ ያያል። ሩስያው ግን ሰክሯል። ባርቶሽ ኮፍያውን ሲያወልቅ ሩስያው ከኪሱ ወረቀት አወጣ። የሃንካ ስም አለበት። አንዱ ማኅተም የጀርመን፣ አንዱ ማኅተም የሩስያ። «በል ሂድ፣ አምጣት!» አለውና እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ጀርመኑም ፈገግ አለ። ባርቶሽ ቮድካው ነው የሚያስቃቸው ብሎ እጃቸውን ሳመ። የሁለቱንም።

እስኪነጋ መቼ ይጠብቃል! ያንኑ ሌሊት ወረቀቱን ደረቱ ውስጥ ከቶ ቀዘፈ። «ልጄ መጣሁልሽ፣ ልጄ መጣሁልሽ» ይላል። መሐል ወንዝ ሲደርስ፣ ከኋላው፣ እዚያው አጠገቡ፣ ጯ! ጯ! ጯ!

የጀልባው አፍንጫ ዝቅ አለ። ቀና ብሎ አየ። አሁን ሰው አለ። ተከናንቧል። ጀርባውን ሰጥቶታል። ውሃ ይንጠባጠባል።

«ውረድ! ዛሬ ሥራ የለም፣ ልጄን ላመጣ ነው!» አለ ባርቶሽ።

የሚወርደው ውሃው ብቻ ነው።

«መምህሩ ነህ?»

«አይደለሁም» አለ ድምፁ። ቀጭን ነው፣ እንደታፈነ ነው።

«ሐኪሙ ነህ?»

«አይደለሁም።»

«ታዲያ ምን አደረግኩህ? የት ላድርስህ?»

«ቤት።»

«የማን ቤት?»

«የአባቴ ቤት።» ብርድ ልብሱ ከራሷ ላይ ወረደ። ቀስ ብላ ዞረች። «አባዬ፣ ወረቀቱ ደረሰ?»

ሃንካ ናት። ደረቷ ላይ ጥይቱ የገባበት ቀዳዳ አለ፤ የወንዙ ውሃ በሱ ይገባል፣ በሱ ይወጣል።

እሷም ነገረችው። «የሩስያው ሻምበል ስሜን ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። የአባቴን ስም ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ሳቀ። ‹ያመጣሽ እሱ ነው፣ ያውልሽ እየቀዘፈ ሲሄድ› አለኝ። አላመንኩትም፤ ልጠራህ ሮጥኩ። አባዬ፣ ስጠራህ ሰምተኸኝ ነበር?»

ምን ይበል? ምን ይበል እስቲ? ንገሩኛ!

«ሰምቼሻለሁ» አለ።

ሃንካ አየችው። አልረገመችውም። ብትረግመው ይሻለው ነበር። «በል አሁን አሻግረኝ» አለችው።

ባርቶሽ ቀዘፈ። በሕይወቱ እንደዚያ ቀዝፎ አያውቅም። ሳያዞር፣ ቀጥ አድርጎ፣ ወደ ቤቱ፣ ወደ ምዕራብ፤ ጀልባው ግን ከብዶት ዳሩ ሌሊቱን ሙሉ አልደርስ አለው። ሊነጋጋ ሲል ሰማዩ ከምዕራብ በኩል ቀላ። ፀሐይ ከምዕራብ ትወጣለች? መድፍ ነው! የጀርመን ጦር ወዳጁን ሊወጋ ወንዙን መሻገር ጀመረ። የትናንቱ ጓደኛሞች በአንድ ሌሊት ደመኛ ሆኑ። ባርቶሽ ከነጀልባው መሐል ላይ ነው። ወረቀቱን ከደረቱ አውጥቶ ወደ ላይ አነሣ። «አትተኩሱ! ልጄን ቤት እያደረስኩ ነው! የሁለታችሁም ማኅተም አለበት!» እያለ ወዲህም ወዲያም ጮኸ።

ጀርመኑ ከምሥራቅ የመጣ ሰላይ መሰለውና ተኮሰ። ሩስያው ከምዕራብ የመጣ ጠላት መሰለውና ተኮሰ። ከሁለቱም ዳር፣ እኩል። በዚያ ጦርነት ሁለቱ ጦሮች ተባብረው የሠሩት የመጨረሻ ሥራ ባርቶሽን መግደል ነበር።

ሃንካስ አላችሁኝ? እሷን ጥይት ምን ያደርጋታል? ብቻዋን ውሃው መሐል ቀረች። ቤት ያደረሳት የለም።

በሉ አለቀ፣ ተነሡ። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ግቡ፤ በዚህ ጭለማ ብቻውን የሚሄድ ሰው እንዳላይ። እኔንም አንዳችሁ እስከ በራፌ ሸኙኝ። ምን ያስቃል? ሸኙኝ አልኩ እኮ!