ከፖስታው የጠፋችው «ሚስት»

ተካልኝ ፖስታውን አልጋው ላይ ገለበጠው። ሁለት ወረቀት ወደቀ። ሦስት መሆን ነበረበት።

ፖስታውን አራገፈ። ውስጡን በጣቱ ዳበሰ። አልጋውን ጎተተ፣ ምንጣፉን ገለጠ፣ የታጠፈውን ልብስ ሁሉ ዘረገፈ። «ሚስት» የሚለው ወረቀት የለም!

ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት የታይላንድ ቆንስላ ቴርሚን፣ የቁርጥ ቀጠሮ፣ አለው። እሁድ አውሮፕላን አለው። ታይላንዳዊት ሚስቱ ሱማሊ ከኡዶን ከተማ ወጣ ባለ መንደር እናቷ ቤት ተኝታ መውለጃዋን ትጠብቃለች። ሁለት ጊዜ አስወርዷታል። አሁን ሐኪሙ ንቅንቅ እንዳትዪ ብሏታል። እሱም ሥራውን ለቆ አገሯ ሊኖር ወስኗል። ምን ዋጋ አለው! የስደተኛ ሰማያዊ ፓስፖርት ለያዘ ሰው የረጅም ጊዜ ቪዛ እንዲህ በዋዛ አይገኝም። ፍራንክፈርት የተፈራረሙት ጋብቻ በሚስቲቱ ወረዳ መመዝገቡን የሚያሳየው ወረቀት፣ ያውም ኦሪጂናሉ፣ ካልቀረበ ቪዛ የሚባል ነገር የለም።

ወረቀቶቹን የላከችው ሱማሊ ራሷ ነች። ሦስቱም በታይ ጽሑፍ የተሞሉ ናቸው፤ ለተካልኝ ሁሉም አንድ ናቸው። እሷ ግን ባሏ ባስተማራት ፊደል በየጀርባቸው በእርሳስ ጽፋባቸዋለች። አንዱ ላይ «ሚስት»፣ አንዱ ላይ «ግብዣ»፣ አንዱ ላይ «ልደት»። በቁራጭ ወረቀት ደግሞ «ኖይ ታንብብልህ» ብላለች። አላስነበበም። ከኖይ ጋር ተኳርፈዋል። ደግሞስ በፊደል ተጽፎ የለም እንዴ!

ኖይ! ስሟ ትዝ ሲለው ደሙ ፈላ። እዚያው ፍራንክፈርት፣ ኡንተርሊደርባህ ሰፈር የምትኖር የሱማሊ ያገር ልጅና ጓደኛ ናት፤ እሱን ዓይኑን ማየት አትወድም። «አገራችን ሄደህ ምን ልትሠራ ነው?» ብላ ፊት ለፊት ሰድባዋለች። ባለፈው እሁድ የሱማሊን ልብስ ልወስድ ብላ መጥታ መኝታ ቤት ብቻዋን ገብታ ነበር።

«ኧረ ተረጋጋ ተካ» አለችው እህቱ አረጋሽ ከበሩ ላይ ቆማ። «ጌታ ያውቃል።»

«ምኑን ነው የሚያውቀው እትዬ? ተሰረቅሁ እኮ!»

ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወርዶ የአቶ ሓሚድን በር ደበደበ። አቶ ሓሚድ ዱሮ አስመራ የፖሊስ መርማሪ ነበሩ፤ ኋላ ሄክስት ፋብሪካ ሃያ ዓመት ሠሩ። ከፋብሪካው በጡረታ ወጥተዋል፤ ምርመራው ግን ከእሳቸው አልወጣም። ስለ ኖይ የሚነግራቸውን እየሰሙ መነጽራቸውን አድርገው ተከተሉት።

«ፓስፖርትህ የት ነበር?»

«እዚያው ፖስታው አጠገብ።»

«አለ?»

«አለ።»

«እና ሊያጠፋህ የፈለገ ሰው እሱን ትቶ ወረቀት ይወስዳል?»

ተካልኝ ፓስፖርቱን አንስቶ ገለጠው።

«ሌባው አልጠላህም» አሉ አቶ ሓሚድ። «እዚህ አገር እንድትቸገር አልፈለገም። እንዳትሄድ ብቻ ነው የፈለገው። እስቲ የቀሩትን አሳየኝ።»

«ግብዣ» የሚለውን አንስተው ወደ መስኮቱ ያዙት። «ይሄ ምንድነው?»

«የወንድሟ ሰርግ መጥሪያ መሰለኝ።»

«የመንግሥት ማኅተም ያለበት የሰርግ መጥሪያ የት አይተህ ታውቃለህ? በል ልጅቷን ጥራት።»

«ኖይን? እሷን ዓይኗን ካየሁ—»

«ጥራት አልኩህ!»

ኖይ በኤስ ባን ባቡር መጣች። ካፖርቷን እንኳ አላወለቀችም። አቶ ሓሚድ በጀርመንኛ ጠየቋት።

«እሁድ ዕለት ከዚህ ወረቀት ወስደሻል?»

«እኔ? ልብስ ነው የወሰድኩት። ወረቀቱን እንዳነብለት ይጠራኛል ብዬ ስጠብቅ ነበር። መቼ ጠራኝና!»

«ይሄን አንብቢልን።»

አየችው። ከዚያ ተካልኝን እንደ እብድ አየችው። «ይሄማ የጋብቻችሁ ምዝገባ ነው። ስምህ እዚህ፣ ስሟ እዚህ። ዓመቱም 2539፣ በኛ በታዮች አቆጣጠር።»

ተካልኝ አልጋው ላይ ተቀመጠ። ጋብቻ ለማለት ነው ግብዣ ያለችው! ጀማሪ ናትና ሁለቱ ቃላት ተምታቱባት። ወረቀቱ ከእጁ ወጥቶ አያውቅም። ሳቅም ልቅሶም እኩል መጡበት።

አቶ ሓሚድ ግን አልሳቁም።

«እንግዲህ ስማ» አሉት በአማርኛ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሌባው የጋብቻውን ወረቀት ፈልጎ ‹ሚስት› የሚለውን ወሰደ። ኖይ ብትሆን ትክክለኛውን ነበር የምትወስደው። ሌባው የታይ ጽሑፍ አያነብም፤ ፊደል ግን ያነባል። እዚህ ቤት ገብቶ የሚወጣ፣ ፊደል የሚያነብ ሰው ማነው?»

ተካልኝ ቀና ብሎ ወደ በሩ አየ።

አረጋሽ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች።

«ወይዘሮ አረጋሽ» አሉ አቶ ሓሚድ፣ «ያውጡት። ልጁ አለቀ እኮ።»

አረጋሽ ክፍሏ ገብታ ከመጽሐፍ ቅዱሷ መሃል የታጠፈ ወረቀት አምጥታ አልጋው ላይ አስቀመጠች።

«ልቀደው ብዬ እጄ እምቢ አለኝ» አለች።

«እትዬ! ምን አድርጌሽ?»

«ትሄዳለህ! እናታችን ስትሞት በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁህ፣ ጥለኸኝ ትሄዳለህ! ስድስት ዓመት ሙሉ ሐኪም ቤት የምታደርሰኝ አንተ። የመንግሥት ደብዳቤ የምታነብልኝ አንተ። ባቡር የምታሳፍረኝ አንተ። እዚህ አገር አፌ አንተ ነህ ተካ። ድዳ ሆኜ ልቅር?»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬህ ብትሄድስ?»

በዚህ መሃል ኖይ ወረቀቱን አንስታ ማንበብ ጀምራ ነበር። ፊቷ ቀስ በቀስ ሲለወጥ ያየው ተካልኝ ብቻ ነው።

«ምንድነው? ኖይ፣ ምንድነው?»

«ከሆስፒታል ነው፤ ስለ ሚስትህ። የሱማሊ ደም ግፊት ከፍ ብሏል። ቀኑን አይጠብቁም፤ ሕፃኑን በኦፕሬሽን ያወጡታል። ባልየው ከዚያ በፊት ይድረስ ይላል።»

«መቼ?»

«ያለፈው ሰኞ።»

ዛሬ ረቡዕ ነው።

ሳሎን የነበረውን ስልክ ኖይ ጎትታ ደብዳቤው ላይ ያለውን የሆስፒታሉን ቁጥር ደወለች። ረጅም አወራች። ተካልኝ አንድም ቃል አልገባውም። ድምፅዋን፣ ዓይኗን፣ እጇን እያየ ቆመ። አንብቢልኝ የሚል አንድ ቃል! ለኖይ አንዲት ቃል ተንፍሶ ቢሆን ኖሮ ሳምንት ሙሉ ቀደም ብሎ ያውቅ ነበር። እህቱን እንዳይረግም የራሱ ኩራት ያዘው፤ ራሱን እንዳይረግም እህቱ ፊቱ ቆማለች።

ኖይ ስልኩን ዘጋች። «ሴት ልጅ ናት። ደህና ናት።»

«ሱማሊስ?»

«ከሰኞ ጀምሮ ዓይኗን አልገለጠችም። ሐኪሞቹ ጠብቁ ነው የሚሉት። ከመተኛቷ በፊት በር በሩን ታይ ነበር አለች ነርሷ።»

አረጋሽ መሬት ላይ ተደፍታ «ገደልኳት! ጌታዬ፣ ገደልኳት!» እያለች ጮኸች። የሚያነሳት ጠፍቶ አቶ ሓሚድ ጎንበስ ብለው ክንዷን ያዙ።

በማግስቱ ተካልኝ ቆንስላው ደጅ ከሁሉ ቀድሞ ቆመ። አትምጪ ብሏት ነበር፤ አረጋሽ ግን ሁለት እርምጃ ከኋላው እየተከተለች፣ እሱ የወጣበት ባቡር እየወጣች፣ እሱ የወረደበት እየወረደች መጣች። አልከለከላትም። አላናገራትምም።

ጸሐፊዋ ወረቀቱን አየች፣ ማኅተሙን አየች፣ የሆስፒታሉን ደብዳቤ ሁለቴ አነበበች። «ዛሬውኑ እንሞክራለን» አለችና በጀርመንኛ የተጻፈ ቅጽ ሰጠችው። «ይሄን ብቻ ሞልተህ መልስልኝ።»

ጥግ ላይ ተቀምጦ ሞላ። ስም፣ የትውልድ ዘመን፣ የሚስት ስም፣ አድራሻ። የመጨረሻው መስመር ላይ ቆመ። ጀርመን አገር የሚኖር የቅርብ ዘመድ፣ ይላል። እስክሪብቶው ለረጅም ጊዜ ወረቀቱ ላይ ቆየ።

ከዚያ «የለኝም» ብሎ በጀርመንኛ ጻፈ።

አረጋሽ በትከሻው አጮልቃ አየች። «እዚያች ጋ ስትደርስ ምነው ቆየህ? ምን ይላል?» አለችው በፍርሃት።

«ዘመድ ነው የሚጠይቀው» አላት፣ ቅጹን እያጠፈ።

«እና ማንን ጻፍክ?»

«አንቺን» አላትና ወደ መስኮቱ ሄደ።