ስልኩን ማንም እንዳያነሳ

ነጩ አሳ አፉን ከፍቷል። ጉሮሮው ውስጥ ከአውራ ጣት ጥፍር የማትበልጥ የፎቶ ካርድ አለች።

«ሆዱን እዚህ አትክፈተው» አለች ልክነሽ፣ ሚዛኑን በአንድ እጇ እንደያዘች። «ቤትህ ስትገባ ከጉሮሮው ጀምር።»

«ፊቱ ይታያል?»

«ሲስቅ ነው ያነሳሁት። ጥርሱን ብትፈልግ ትቆጥረዋለህ።»

«ያየሽ አለ?»

«ቢያየኝ አሁን ከአንተ ጋር አላወራም፣ አዞ ሆድ ውስጥ ነበርኩ። ግን አንድ ሰው ፎቶ እንዳነሳው ሰምቷል። የሚያሠራቸው ልጆች ከጠዋት ጀምሮ ዳርቻውን እያሸተቱ ነው። በል ሂድ፣ ቆመህ አትይኝ።»

ጢሞቴዎስ አሳውን በፌስታል ጠቅልሎ በጫሞ ሐይቅ ዳርቻ መሐል ለመሐል ሄደ። ጀልባ እየገባ ነው። ፒካፖች ወደ ኋላ ይነዳሉ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች በአሳ አንጀት ይሻማሉ።

በአርባ ምንጩ ታችኛው ሰፈር በሲቀላ ይህን ሰው የሚያውቁት በኮምፒዩተር ጥገና ነው። በስለላው ዓለም ግን ስሙ «አምባዛ» ነው። አምባዛ ጭቃ ውስጥ መደበቅ የሚችል አሳ ነው፤ ይህኛው ግን ለአምባዛዎች ትምህርት ቤት ቢከፍት ያስመርቃቸው ነበር። ሦስት ድንበር በአንድ መታወቂያ ተሻግሯል። መታወቂያው ደግሞ የሴት ነበር።

ዛሬ የሚያሳድደው ሰው «ደላላው» ይባላል። በአሳ ጀልባ መሣሪያ ያስገባል። ስሙን እንደ ሸሚዝ ይቀያይራል። ፊቱን አይቶ ለአለቆቹ የነገረ ሰላይ እስከ ዛሬ አልተገኘም። እኩለ ቀን ላይ በአይሮፕላን ወደ አዲስ አበባ ይበራል፤ ከዚያ ወደ ውጭ አገር። ሰውየው ካመለጠ ልጆቹ ፎቶ ያነሳውን ሰው እስኪያገኙ አይተኙም። ዳርቻው ደግሞ ትንሽ ነው፣ ስልክ ይዛ አሳ የምትሸጠውም ልክነሽ ብቻ ናት።

ከኋላው ሞተር ብስክሌት ተነሳ።

ጢሞቴዎስ አልዞረም። ባጃጅ ያዘ። ሞተሩም ተከተለ። ሲቀላ ሱቁ ደጃፍ ላይ ወረደ፣ ሰላምታ ሰጥቶ በፊት በር ገባ፣ ከመደርደሪያው ላይ አቧራ የለበሰች ጥቁር ሣጥንና ገመዶቿን አንስቶ በጓሮ በር ወጣ። ሞተረኛው ደጃፉ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። ምናልባት አሁንም ድረስ እየጠበቀው ይሆናል።

ወደ ላይኛው ሰፈር ወደ ሴቻ የሚወጣው ሚኒባስ ውስጥ አሳውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ሣጥኗን አሰበ። ሞደም ናት። ዓለም የረሳት፣ በስልክ መስመር እየጮኸች ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር የምታወራ ዕቃ። ከሁለት ቀን በፊት መንገድ የሚቆፍር ኤክስካቫተር ዋናውን የፋይበር ገመድ ነክሶት አርባ ምንጭ ከዓለም ተቆርጣለች። ሞባይል የለም። ኢንተርኔት የለም። የቀረው አሮጌው የመዳብ ስልክ ብቻ ነው፤ እሱም የሚሠራባቸው ቤቶች ጥቂት ናቸው። ዋናው መሥሪያ ቤት ለእንዲህ ያለ ክፉ ቀን አንድ ቁጥር ያስጠብቃል። ሲሠለጥኑ ሌሎቹ በዚያ ቁጥር ሲስቁ አምባዛ ሸምድዶት ነበር።

በቃል መናገር አይቻልም? አይቻልም። የደላላው ፊት የሁሉ ሰው ፊት ነው። ጢም የለው፣ ጠባሳ የለው። እንዲህ ያለ ፊት ወይ ይታያል ወይ ይጠፋል።

ጋሽ ወልደየሱስ በሩን ከፈቱ። ከጎጃም መጥተው ዕድሜያቸውን ሙሉ ጂኦግራፊ ያስተማሩ ጡረተኛ ናቸው። ወፍራም ኮምፒዩተርና የማይሞት ስልክ አላቸው።

«ልጄ፣ ኮምፒዩተሬ ምን ሆነ? እኔ ደህና ነው ብዬ ነበር።»

«ታሟል ጋሼ። እርስዎ አላወቁም እንጂ በጣም ታሟል። ይህን አሳ ለእትዬ ይስጡልኝ።» ካርዷ ቀድማ ከጉሮሮው ወጥታ ኪሱ ገብታለች።

ከኋላው ሌላ ሰው የአጥሩን በር ገፋ።

«ሙዙ በስሏል?»

«ገና ግንዱ ላይ ነው» አለ ጢሞቴዎስ ሳይዞር።

ይፍሩ ነው፤ ኮዱ «ቀዛፊ»። አርባ ምንጭ ላይ አብሮት የሚሠራ ብቸኛው ሰው። በደንቡ መሠረት አንዱ ሲልክ ሌላው በር ይጠብቃል። ለዚህ ነው ከሲቀላ ሲወጣ ምልክት የተወለት።

«ካርዱን ማን ሰጠህ?» አለ ይፍሩ በሹክሹክታ።

«አሳ።»

«እየቀለድክ ነው?»

«አሳው ግን አልቀለደም። ሳሎን ተቀመጥ። በመስኮት መንገዱን እይ።»

ኮምፒዩተሩ ጓዳ አጠገብ ባለችው ክፍል ነው። ጢሞቴዎስ ከኋላው ተንበረከከ። የሞደሙን ወፍራም ገመድ ጥርሶች ወዳሉት ሶኬት ገፍቶ በሁለቱም በኩል ብሎኑን አጠበቀ። መብራቱን ሰካ። ቀጭኑን የስልክ ገመድ ግድግዳው ላይ ካለችው ነጭ ሣጥን አገናኘ። ሞደሙን ቀድሞ ከፈተ፣ ኮምፒዩተሩን ቀጥሎ። በሞደሙ ግንባር ላይ ትናንሽ ቀይ መብራቶች ተደርድረው በሩ።

የመደወያውን ፕሮግራም ከፍቶ «ኤ ቲ» ብሎ ጻፈ። ለሞደም ይህ «ጤና ይስጥልኝ» ማለት ነው።

«ኦኬ» አለ ሞደሙ።

«እትዬ ጣይቱ» ብሎ ጠራ። «ሳሎን ያለውን ስልክ ማንም እንዳያነሳ። አንድ ሰው ካነሳ መስመሩ ይበጠሳል።»

«ማን ያነሳዋል ልጄ? ደዋይ ካጣ ስንት ጊዜው ነው» አሉ ሴትየዋ ከጓዳ።

ቁጥሩን መታ። ሣጥኗ አፏን ከፈተች። መጀመሪያ የመስመሩ ጉምጉምታ፣ ከዚያ የቁጥሮቹ ጩኸት፣ ከዚያ ድመትና መጋዝ የተጣሉ የሚመስል ፉጨት። ጋሽ ወልደየሱስ ጆሯቸውን ያዙ።

«ይህ ነው በሽታው?»

«ይህ መድኃኒቱ ነው።»

ፉጨቱ ቆመ። ተገናኘ። አዲስ አበባ ያለ አንድ ማሽን መለሰ። ጢሞቴዎስ ካርዷን በማንበቢያ ኮምፒዩተሩ ላይ ሰክቶ ፎቶውን ላከ። በኮምፒዩተሩ ስክሪን ላይ ሰማያዊዋ መስመር እንደ ኤሊ መራመድ ጀመረች።

ከዚያ ቆመች።

የሞደሙ መብራት ጠፋ። መስመሩ ተበጥሷል።

ወደ ጓዳ ሮጠ። «እትዬ፣ ስልኩን አነሱት?»

«እኔ?» እጃቸውን ዘረጉለት። ሁለቱም እጃቸው በአሳ ቅርፊት ተሸፍኗል። «በዚህ እጄ ስልክ ብነካ ዳንቴሌ ምን ይሆናል?»

ድጋሚ ደወለ። ድጋሚ ጮኸ። ድጋሚ ተገናኘ። ሰማያዊዋ መስመር ግማሽ ደረሰች።

ድጋሚ ተበጠሰ።

ከላይ ከሰማይ የሞተር ድምፅ መጣ። አይሮፕላኑ ሊያርፍ ነው፤ ሰው አራግፎ ሰው ጭኖ ይመለሳል። ደላላው አይሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ቁጭ ብሎ ሰዓቱን እያየ ነው።

ሳሎን ሲገባ ይፍሩ መስኮቱ አጠገብ ቆሟል። ስልኩ ቦታው ላይ ነው። ጥቁር፣ ከባድ፣ በጣት የሚዞር፣ ነጭ ዳንቴል የለበሰ።

«አልሆነም?» አለ ይፍሩ።

«አልሆነም። መስመሩ አርጅቷል።»

እትዬ ጣይቱ እጃቸውን በፎጣ እየጠረጉ መጡ። ስልኩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ዳንቴሉን በሁለት ጣት አነሱት፣ አገላበጡት።

«ዳንቴሌን ማን ገለበጠው?» አሉ። «ጀርባውን ወደ ላይ አድርጎ ያለበሰው ማን ነው? ቋጠሮው ሁሉ ይታያል እኮ። እንግዳ ቢመጣ ምን ይለኛል?»

ጢሞቴዎስ ስልኩን አየ፣ ከዚያ ይፍሩን።

ሽማግሌው ከክፍላቸው አልወጡም። ሴትየዋ ከጓዳ አልወጡም። ሳሎኑ ውስጥ የነበረው አንድ ሰው ነው። ይፍሩ ከመቶ ሰው መካከል የሚከታተለውን በጠረኑ የሚለይ ሰላይ ነበር፤ የዳንቴል ፊትና ጀርባ ግን አይለይም።

ጢሞቴዎስ ሳቀ። ሳቁ ከልቡ ይመስል ነበር፤ ይህ ሰው በጥርሱ ላይ ሽጉጥ ተደግኖበት የሳቀ ነው።

«ነፋስ ነው እትዬ። ሻይ ያፍሉልን። ይፍሩ፣ አንድ ጊዜ ሞክሬ ካልሆነ እንተወው።»

«መተው ነው የሚሻለው» አለ ይፍሩ። «ግን ማን አነሳው ፎቶውን? ሰውየውን ከከተማ ማውጣት አለብን እኮ፣ ለደኅንነቱ።»

«ሻይ ስንጠጣ እነግርሃለሁ።»

ወደ ኮምፒዩተሩ ክፍል ገብቶ በሩን ዘጋ።

ከውጭ የሚመጣው መስመር ግድግዳው ላይ ባለችው ነጭ ሣጥን ገብቶ ከዚያ ነው ወደ ሳሎን የሚያልፈው። ሣጥኗን በቢላ ከፈተ። ወደ ሳሎን የሚሄደውን ገመድ ነቅሎ አወጣ። ሞደሙ ጀርባ ላይ ሁለት ቀዳዳዎች አሉ፤ አንዱ ለመስመር፣ አንዱ ለስልክ። የሳሎኑን ገመድ ስልክ በሚለው ቀዳዳ ሰካው። አሁን ሳሎኑ ከሞደሙ ኋላ ነው። ሞደሙ ሲያወራ ሳሎኑ ደንቆሮ ይሆናል።

ከዚያ ሣጥኗን ዝም አሰኛት። አንዲት ትእዛዝ ናት፤ «ኤ ቲ ኤም ዜሮ»። ድምፅ ማጉያዋ ተዘጋ።

ደወለ። ድመቱም መጋዙም ጠፉ። ቀይ መብራቶች ብቻ በዝምታ ብልጭ ብልጭ አሉ።

ተገናኘ።

ሰማያዊዋ መስመር ተነሳች።

«ጋሼ» አለ በሹክሹክታ። «እዚህ ተቀምጠው ይህችን መስመር ይዩ። ምንም አይንኩ። እስክመለስ አይውጡ።»

«ስትጨርስስ?»

«ዝም ይበሉ።»

ሳሎን ገብቶ ከይፍሩ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ሻይ ቀረበ። ይፍሩ ወደ ክፍሉ ጆሮውን አዘነበለ። ጩኸት የለም።

«ተውከው?»

«ጭራሽ ጩኸቱም ጠፋ። መስመሩ የሞተ ይመስለኛል።»

ይፍሩ ተነሳ። ዳንቴሉን ገለጠ። የስልኩን እጀታ አነሳ።

ጢሞቴዎስ ሻዩን ፉት አለ።

ይፍሩ አዳመጠ። ምንም የለም። የእጀታውን ማስቀመጫ ጠቅ ጠቅ አደረገ። ምንም።

«ሞቷል» አለ፤ ትከሻው ወረደ። ወንበሩ ላይ ተዘርግቶ ተቀመጠና ስኳር ጨመረ። «በቃ እግዚአብሔር አልፈቀደም። ምን ታደርጋለህ።»

አይሮፕላኑ ተነሳ። ድምፁ በሴቻ ጣሪያዎች ላይ አልፎ ወደ ሰሜን ራቀ። ይፍሩ ጣሪያውን አይቶ ፈገግ አለ።

«ንገረኝ እንግዲህ። ማን ነው?»

«ታውቀዋለህ።»

«የጀልባ ሰው ነው? ሴት ናት?»

«ሻይህን ጠጣ። ይቀዘቅዛል።»

«አንተ ልጅ ዛሬ ምን ነካህ? ጓደኛህ አይደለሁ?»

«ጓደኛዬ ነህ።» ይህ እውነት ነበር። ለዓመታት ከአንድ ሳህን በልተዋል።

በሩ ተከፈተ። ጋሽ ወልደየሱስ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ተማሪው ፈተና ያለፈለት መምህር መስለው ብቅ አሉ።

«ልጄ፣ ዝም በል ብለኸኝ ነበር፣ ግን ደስ አለኝ። ተጠናቀቀ ይላል።»

ማንኪያው ቆመ።

ይፍሩ ሽጉጡን አወጣ። ፈጣን ነበር። በመላው ደቡብ ከእሱ የሚፈጥን አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ያ ሰው ደግሞ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ነበር። ጢሞቴዎስ በግራ እጁ አፈሙዙን ጨበጠ፣ በቀኙ ስልኩን ከነዳንቴሉ አነሳ። ያ ስልክ የበሬ ጭንቅላት ያህል ይከብዳል።

ተኩሱና ምቱ እኩል ደረሱ።

ይፍሩ ምንጣፉ ላይ ተዘረጋ። ዳንቴሉ ፊቱ ላይ ወደቀ። የጢሞቴዎስ ግራ እጅ ሁለት ጣት ጎድሎት ነበር።

እትዬ ጣይቱ በሩ ላይ ቆመው አዩት። ከዚያ ፎጣቸውን አውልቀው እጁን ማሰር ጀመሩ።

ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣው ሰው ወንደሰን ይባላል። በመኪና፣ ያለ ሰሌዳ፣ በማግስቱ ደረሰ። ይፍሩ ታስሮ ከኋላ ተጫነ።

«ደላላው ከአይሮፕላኑ ሲወርድ ተይዟል» አለ ወንደሰን። «እየሳቀ ነበር። ፎቶውን ሲያሳዩት አቆመ። መያዙ ለጊዜው አይወራም።»

«ልጆቹስ?»

«ገና ከተማው ውስጥ ናቸው፣ ለቅመን እስክንጨርስ። አንተ ግን ዛሬ ትወጣለህ። ጢሞቴዎስ የሚባል ሰው የሽማግሌ ቤት ዘርፎ የጠፋ ሌባ ነው። ባልና ሚስቱም እንደዚያ ብለው ይናገራሉ፤ ተስማምተዋል።»

«ልክነሽስ?»

«እሷም ይህንኑ ነው የምትሰማው። ፎቶውን ይዘህ የጠፋህ ይመስላታል።»

«እውነቱን ንገሯት።»

«አሳ ስትሸጥልህ አይተዋታል። አንተን የምታመሰግን ሴት ካዩ አለቀላት። የምትረግምህን ግን ማንም አይጠረጥራትም። ደግሞ ከልቧ መሆን አለበት። ማስመሰል ትችላለች?»

ጢሞቴዎስ አሰበ። «አትችልም።»

«እንግዲያው ግባ።»

ከረጅም ጊዜ በኋላ ሶዶ መናኸሪያ ውስጥ አንድ ሰው አውቶቡስ እየጠበቀ ነበር። ኮፍያ አድርጓል። ስሙ ሌላ ነው፣ ሥራውም ሌላ። ብሎን መፍታት ትቷል፤ ጣት ይጠይቃል። አጠገቡ ሙዝ የያዘች ሴት ተቀመጠች።

«ከየት ነሽ?»

«ከአርባ ምንጭ፣ ከሲቀላ።»

«አገሩ ሰላም ነው?»

«ምን ሰላም አለ ወንድሜ፣ ሌባ በዝቶ። አንድ ኮምፒዩተር የሚጠግን ነበር፣ ዲያቢሎስ። የሽማግሌዎችን ቤት ባዶ አደረገው አሉ። ፍሪጁን በጀርባው ተሸክሞ ነው የወጣው።»

«ፍሪጅ? ብቻውን?»

«ብቻውን። ከነሥጋው።»

ሰውየው አንገቱን ነቀነቀ። ፍሪጁ ትንሽ እንዳኮራው ፊቱ ላይ ታየ።

«ጫሞ ዳር አሳ የምትሸጥ አለች፣ ልክነሽ የምትባል» አለች ሴትየዋ። «እሷን ነው በጣም ያቃጠላት። ለምን እንደሆነ አልገባኝም፣ ግን ጠዋት ጠዋት ሥራ ስትጀምር እሱን ሳትረግም አትጀምርም። ትናንት እንኳ ሰማኋት።»

«ትናንት?»

«ትናንት ጠዋት። ድምፅዋ ጫሞን አልፎ ይሰማል።»

«ምን አለች?»

«‹የሰረቀበት እጁ ይቆረጥ› አለች።»

ሰውየው ግራ እጁን ቀስ አድርጎ ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«አሜን» አለ።

አውቶቡሱ ተጠራ። ከሰው ጋር ተጋፍቶ ገባ፤ የትኛው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ማንም ልብ አላለም።