ማዘያውና ቀዩ ኩባያ

ማዘያ ማለት ሕፃን ልጅ ጀርባ ላይ የሚታዘልበት ጨርቅ ነው። ሁለት ጫፍ አለው፤ መሀሉ ላይ ልጅ አለ።

አንድ ማዘያ የሚይዘው አንድ ልጅ ብቻ ነው። ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ውዳሴ አራት ዓመቷ ነው። ወንድሟ ናሆም ሰባት ወሩ ነው። ጥርስ ገና የለውም፤ ያገኘውን ሁሉ ግን ያኝካል።

የናሆም ማዘያ ሰማያዊ ነው። ዳር ዳሩን ቢጫ አበባ ተጠልፎበታል። አንዱ ጫፉ ትንሽ ተበልቷል።

ናሆም ሲያለቅስ «ኡዋ! ኡዋ!» ይላል።

እማዬ ጎንበስ ትላለች። ናሆምን ጀርባዋ ላይ ታወጣዋለች። ማዘያውን ጥብቅ አድርጋ ታስራለች።

ከዚያ ቂጡን «ቸብ! ቸብ! ቸብ!» ታደርገዋለች። ናሆም የተበላውን ጫፍ አፉ ውስጥ ይከትና ዝም ይላል።

እማዬ ልብስ ስታጥብ ናሆም ጀርባዋ ላይ ነው። ሽንኩርት ስትከትፍ ናሆም ጀርባዋ ላይ ነው። ሱቅ ስትሄድም ናሆም ጀርባዋ ላይ ነው።

ውዳሴ ከኋላ በእግሯ ትከተላለች። ከዚያ ሆና የሚታያት የናሆም ሁለት እግር ነው። እግሮቹ ይወዛወዛሉ እንጂ ምንም ሥራ የላቸውም።

«እማዬ፣ እኔንም እዘይኝ» አለች ውዳሴ።

«አንቺማ ትልቅ ልጅ ነሽ» አለች እማዬ።

ውዳሴ ትልቅ ልጅ የሆነችው ናሆም የተወለደ ቀን ነው። ትፈልጊያለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ናሆም ተኝቶ ነበር። እማዬ ማዘያውን አጥባ ገመድ ላይ ሰቀለችውና ወደ ጓዳ ገባች። ማዘያው በፀሐይና በነፋስ ወዲያው ደረቀ።

ከመንገድ አንድ ድምፅ መጣ። «ልዋጭ! ልዋ…ጭ!»

የልዋጭ ሰውዬው ነው። ልዋጩ አሮጌ ልብስ ይወስዳል፤ በምትኩ አዲስ ሳህን፣ አዲስ ባልዲ፣ አዲስ ኩባያ ይሰጣል።

ውዳሴ ማዘያውን አየችው። አሰበች።

ማዘያው ከሌለ ናሆም አይታዘልም። ናሆም ካልታዘለ ጀርባው ባዶ ይሆናል። ጀርባው ባዶ ከሆነ ደግሞ፣ ባዶ ጀርባ ምን ያደርጋል?

ውዳሴ ማዘያውን ከገመዱ ሳበችው። ሳብ! ሳብ! ሳብ! የልብስ መቆንጠጫው «ጧ!» ብሎ ወደቀ።

በሩ ላይ ልዋጩ ጎንበስ ብሎ አያት። «ሚጡ፣ እናትሽ ናት የላከችሽ?»

ውዳሴ ጭንቅላቷን ወደ ላይ ወደ ታች ነቀነቀች። በአፏ አልዋሸችም። የዋሸችው በጭንቅላቷ ነው።

ልዋጩ ማዘያውን ዘርግቶ አየው። ገለበጠና ደግሞ አየው። «ጫፉ ተበልቷል። ለዚህ ባልዲ አልሰጥም። በይ፣ ኩባያ ውሰጂ።»

ቀይ ኩባያ ሰጣት። በጣም ቀይ ነበር።

ልዋጩ የሰበሰበውን ልብስ በማዘያው ጠቅልሎ አሰረና ጀርባው ላይ አወጣው። ማዘያው ከናሆም ወደ አሮጌ ሱሪዎች ተዛወረ።

«ልዋጭ! ልዋ…ጭ!» ድምፁ እየራቀ ሄደ።

ናሆም ነቃ። «ኡዋ! ኡዋ!»

«መጣሁ የኔ ጌታ፣ መጣሁ» አለች እማዬ። «ማዘያው የት ሄደ?»

ገመዱ ላይ አየች። የለም! አልጋው ሥር አየች። የለም! ዘንቢሉ ውስጥ አየች። የለም!

«ውዲ፣ ማዘያውን አይተሻል?»

«አላየሁም» አለች ውዳሴ። ኩባያውን ከኋላዋ ደበቀችው።

እማዬ በሩ ጀርባ አየች። የለም! «ውዲ፣ እርግጠኛ ነሽ አላየሽም?»

«አላየሁም» አለች ውዳሴ፣ በትንሽ ድምፅ።

«ነፋስ ወስዶት ይሆን እንዴ? ውዲዬ?»

በሦስተኛው የውዳሴ ከንፈር ብቻ ተንቀሳቀሰ። ድምፁ እምቢ አለ።

ናሆም ያለቅሳል። እማዬ ጡት ሰጠችው፤ ተፋው። ጣቷን ሰጠችው፤ ተፋው። አፉን ከፍቶ ጭንቅላቱን ወዲህ ወዲያ አዞረ። የተበላውን ጫፍ ነው የሚፈልገው።

እማዬ ናሆምን ታቅፋ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«ለናሆም ብቻ እንዳይመስልሽ የማዝነው» አለች። «ያ ማዘያ ያንቺ ነበር። አበባውን የጠለፍኩት አንቺ ሆዴ ውስጥ ሳለሽ ነው።»

«የኔ?» አለች ውዳሴ።

«ያንቺ ነዋ! ጫፉን ማን የበላው ይመስልሻል?»

«ናሆም።»

«ናሆም በየትኛው ጥርሱ! አንቺ ነሽ እንጂ። ሁለት ጥርስ ይዘሽ እንደ አይጥ ቀረጠፍሽው።» እማዬ ፈገግ ልትል ነበር። አልቻለችም።

ውዳሴ ኩባያውን ከኋላዋ አውጥታ አየችው። ቅድም በጣም ቀይ ነበር። አሁን ያን ያህል ቀይ አልመሰላትም።

ለእማዬ ዘረጋችላት። «ይኸው።»

«ምንድን ነው?»

«ማዘያው።»

እማዬ ኩባያውን አየች። ውዳሴን አየች። ገመዱን አየች። ከዚያ ሁሉም ነገር ገባት።

አልጮኸችም። ብትጮህ ለውዳሴ ይቀላት ነበር።

«ጫማሽን አድርጊ» አለች እማዬ። «ቶሎ!»

እማዬ ናሆምን ታቅፋ፣ ውዳሴ ኩባያውን ይዛ፣ ሮጡ። ዱብ! ዱብ! ዱብ!

«ልዋ…ጭ!» አለ ድምፁ ከሩቅ።

ባለሱቁ ጋሼ ሙዘይን በመስኮታቸው ብቅ አሉ። «የውዳሴ እናት፣ ምነው በደህና? ሕፃን ታቅፎ ይሮጣል እንዴ? ማዘያ የለሽም?»

«እሱን ነው የምንፈልገው፣ ጋሼ! ልዋጩን አይተውታል?»

«አሁን ወደ ታክሲ ተራው ወረደ። ፈጠን ካላችሁ ትደርሱበታላችሁ።»

ዱብ! ዱብ! ዱብ! የውዳሴ የጫማ ማሰሪያ ተፈታ። አልቆመችም።

ልዋጩን አዩት! ጥቅሉን እየገፋ ታክሲ ውስጥ ሲገባ ነበር።

«ወንድሜ! ወንድሜ!» አለች እማዬ።

«ጋሼ ልዋጭ!» አለች ውዳሴ።

«ኡዋ!» አለ ናሆም።

ልዋጩ አልሰማም። የታክሲው ረዳት «ሞልቷል! ሳበው!» አለ። በሩ «ጓ!» ብሎ ተዘጋ።

የማዘያው ጫፍ ከበሩ ውጪ ቀርቶ ነበር። የተበላው ጫፍ ነው።

ታክሲው ሄደ። ሰማያዊው ጫፍ እየተውለበለበ ሄደ። ትንሽ ሆነ፤ ነጥብ ሆነ፤ ጠፋ።

ውዳሴ አለቀሰች። ናሆም ድሮም እያለቀሰ ነበር። እማዬ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሁለቱንም አቀፈቻቸው።

«ይቅርታ፣ እማዬ» አለች ውዳሴ። «እንድታዝይኝ ብዬ ነው።»

እማዬ ጎንበስ አለች። የውዳሴን የጫማ ማሰሪያ አሰረችላት። ቀስ ብላ አሰረችላት።

«ለናሆምም ንገሪው» አለች።

«ይቅርታ፣ ናሆም።»

ናሆም ይቅርታ ምን እንደሆነ ገና አያውቅም። ቢሆንም አዳመጠ።

አመሻሽ ላይ ናሆም እንቅልፉ መጣ። እንቅልፉ መጣ እንጂ እሱ አልተኛም።

እማዬ በነጠላዋ ልታዝለው ሞከረች። ነጠላው ተንሸራተተ። በፎጣ ሞከረች። ፎጣው አጠረ።

ደከማት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ናሆምን ከፊቷ ታቀፈችው።

ስለዚህ ጀርባዋ ባዶ ሆነ።

ውዳሴ ባዶውን ጀርባ አየችው። ከጠዋት ጀምሮ የፈለገችው እሱን ነበር። አሁን ግን መጠየቅ አፈረች።

«ነይ፣ ጀርባዬ ላይ ውጪ» አለች እማዬ፣ ዞር ሳትል።

ውዳሴ አልጋው ላይ ወጣች። እጆቿን በእማዬ አንገት ዙሪያ አደረገች። ጉንጯን ጀርባዋ ላይ አሳረፈች።

ጀርባው ይሞቃል። ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ልክ ድሮ እንደነበረው ነው።

ነገር ግን የናሆም ለቅሶ በእማዬ ጀርባ ውስጥ አልፎ ይሰማል። «ኡዋ! ኡዋ!» ጉንጯ ላይ ይንቀጠቀጣል።

ውዳሴ በእማዬ ትከሻ ላይ እጇን ዘረጋች። ናሆም ጋ ደረሰች። «ቸብ! ቸብ! ቸብ!» አደረገችው።

ናሆም እጅጌዋን ያዘና አፉ ውስጥ ከተተው። አኘከው። ዝም አለ።

«እማዬ፣ እጅጌዬን እየበላው ነው።»

«ይረጥብሻል። ልውሰድበት?»

«ተይው፣ ይብላ» አለች ውዳሴ። እጅጌው እስከ ክርኗ ረጠበ። እጇን አልሳበችም።

«እማዬ፣ አሁንም አዝነሻል?»

«ትንሽ።»

«እኔም ትንሽ» አለች ውዳሴ። ትንሽ ግን አልነበረም።

ቸብ… ቸብ… ቸብ… ናሆም ተኛ። ቸብ… ቸብ… ውዳሴም ተኛች። እማዬ ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ ይዛ፣ እንዳይነቁባት ብዙ ሳትንቀሳቀስ ተቀመጠች።

በሳምንቱ ልዋጩ ተመልሶ መጣ። «ልዋጭ! ልዋ…ጭ!»

ውዳሴ ወደ በሩ ሮጠች። በዚህኛው ጊዜ በአፏ ተናገረች። «ጋሼ፣ እማዬ አልላከችኝም ነበር። ዋሽቼ ነው።»

ልዋጩ ጥቅሉን አወረደና ራሱን አከከ። «አዬ ሚጡ፣ ምነው ያን ጊዜ ብትነግሪኝ! ገበያ ላይ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴትዮ ወደደችውና ወሰደችው።»

«የተበላውን ጫፍ አየችው?»

«አየችው። ሳቀች።»

ውዳሴ ስለዚያ ገና ስላልተወለደ ልጅ አሰበች። ማዘያው ገና ያልተበላ ሌላም ጫፍ አለው።

አባዬ አረንጓዴ ማዘያ ገዛ። አበባ የለውም። ናሆም ጥርስ አወጣ፤ ጫፉን መብላት ጀምሯል።

ቀዩ ኩባያም እስከ ዛሬ ቤት ውስጥ አለ። ያፈስሳል።