የነፋስ ቀዳዳ

በወዴሳ አምባ ነፋሱ ሰዓቱን አሳልፎ አያውቅም። ጧት አንድ ሰዓት ላይ ከምሥራቅ ይነሳል፣ አራት ሰዓት ላይ ከሰሜን ይሆናል፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ደግሞ ከምዕራብ መንፈስ ይጀምራል። የዕለቱ ሰሌዳ ጣቢያው በር ላይ ይለጠፋል። አምባው በመስታወት ጣሪያ ከተሸፈነና ዙሪያውን ግዙፎቹ ነፋስ ሰሪዎች ከተተከሉ ወዲህ ነገሩ እንዲህ ነው፤ ከጣሪያው ውጭ ያለው ሙቀት እንኳን አጋዘን ቁልቋልም አያኖርም። ስለዚህ በዚያ ቀን ጧት አያንቱ ገመቹን ያናደዳት ነፋሱ አልነበረም። ያናደዳት ከሰሌዳው ሥር የተለጠፈው ሌላ ወረቀት ነው።

ወረቀቱ የሚለው አጭር ነበር። እስከ አስር ሰዓት ድረስ የመሪዋ አጋዘን ደም ንጹሕ መሆኑ ካልተረጋገጠ ነፋስ ሰሪዎቹ ይቆማሉ፣ ማስተኛ ጋዝም ይለቀቃል። ደሟን ያፈላው “ማስተኛ” የሚለው ቃል ነው። አርባ ሦስቱ አጋዘኖች ተኝተው እንደማይነሱ የጻፈውም ያውቃል፣ የለጠፈውም ያውቃል። ሰው ሊገድለው ያሰበውን ነገር ለምን እሹሩሩ እንደሚለው አልገባትም።

ነገሩ የጀመረው ከሁለት ሳምንት በፊት አንድ ወንድ አጋዘን ሲያስል ሰንብቶ ሲሞት ነው። በሽታው መንጋው ውስጥ ከገባ በሌሎች ጣሪያዎች ሥር ወዳሉት ከብቶች ይሻገራል ተብሎ ተፈራ። ሕጉ ግን አንድ ቀዳዳ ትቶ ነበር፤ መንጋው ሁሉ ከመሪዋ አፍ ሥር ስለሚግጥ፣ የእሷ ደም ንጹሕ ከሆነ የሁሉም ንጹሕ ነው። ያንን ደም የማምጣቱ ሥራ የአያንቱ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የጣቢያው አዳኝ ስትባል አንድም አጋዘን ገድላ አታውቅም። አጋዘኖቹ የበራሪ ካሜራ ድምፅ ገና ከሩቅ ሲሰሙ ጥቅጥቅ ባለው የአስታ ዛፍ ጫካ ውስጥ ስለሚሰወሩ፣ እሷ የምትሠራው ድምፅ በሌለው ቀስት ነው። ፍላጻዋ ደም ቀማሽ ይባላል፤ ጫፉ ላይ ያለው መርፌ ቆዳ ወግቶ አንዲት ጠብታ ይቀዳና ይወድቃል፣ የደሙንም ውጤት እዚያው ጆሮዋ ላይ ወዳለው መስሚያ ይልካል። ከአርባ እርምጃ በላይ ግን አይሠራም።

ችግሩ አርባ እርምጃ መድረሱ ላይ ነበር። በዚያ ሳምንት ሦስት ጊዜ ሞክራ ሦስቱንም ጊዜ መንጋው ከስልሳ እርምጃ ላይ በርግጎ ጠፋ።

የአደን ልብሷን የሠራው ኢንጂነር ናሆም በሩ አጠገብ ቆሞ ጠበቃት። ልብሱ ሽታ ዋጥ ይባላል። ከራስ እስከ እግር የሚሸፍን፣ የሰውን ሽታ ከላብ እስከ ትንፋሽ እየመጠጠ የሚያስቀር ነው። ሦስተኛውን ዕትም ናሆም ያወጣው ለእሷ ብሎ እንዳልሆነ ጣቢያው ውስጥ የማያውቅ የለም። በየበጋው ለቀንድ ብለው ቀስት ይዘው የሚመጡ ባለፈቃድ እንግዶች አሉ፤ ሦስት ዓመት ተከታትለው ባዶ እጃቸውን ስለተመለሱ የጣቢያው ኃላፊ ወይዘሮ ስመኝ እንቅልፍ አጥተዋል። ናሆምም እንቅልፍ አጥቶ የበለጠ የሚውጥ ልብስ ሠራላቸው።

“እትዬ አያንቱ፣ ልብሱን ሌሊቱን ስፈትሸው አደርኩ” አላት ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። “መለኪያው የሚያነበው ዜሮ ነው። ምናልባት እርስዎ ሳያውቁት ድምፅ አሰምተው ይሆናል።”

ይህን የሚላት ገና በአሥራ አራት ዓመቷ ቀስት ያስያዛት አባቷ ቢሆን ኖሮ እንኳ አትምረውም ነበር። አባቷ ገመቹ ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት የመጀመሪያው ሽታ ዋጥ ሲመጣ አልለብስም ብሎ ከዚሁ በር ነው የተባረረው። የተሰጠው ደብዳቤ ላይ “ሽታው ከደንቡ ውጭ ሆኗል” ይላል። ሽማግሌው ደብዳቤውን ለሚጠይቀው ሁሉ እያነበበ ይስቅ ነበር፤ አያንቱ ግን አንድም ቀን ስቃ አታውቅም።

“ስመለስ እንነጋገራለን” አለችው። የምትነግረውን ከአሁኑ በሆዷ እየመረጠች ገባች።

መንጋው የተኛው ገደሉ አፋፍ ላይ ነበር። አጋዘን ሲተኛ ነፋሱን ከጀርባው አድርጎ ነው፤ ፊቱን ዓይኑ ይጠብቅለታል፣ ጀርባውን አፍንጫው። ከፊታቸው ያለው ሜዳ ደግሞ አይጥ የማይደብቅ ገላጣ ሣር ነው። ስለዚህ መቅረብ የሚቻለው በጀርባቸው በኩል፣ ጦስኝ በሸፈነው ተዳፋት ላይ፣ ነፋሱን ተከትሎ ብቻ ነበር። በአባቷ ጊዜ እንዲህ ያደረገ አዳኝ ይሳቅበት ነበር። ልብሱ ግን የተሠራው ለዚህ ነው ተብሏል።

በሆዷ እየተሳበች ሁለት ሰዓት ያህል ወረደች። ቅጠል አላንኮሻኮሸችም፣ ድንጋይ አላንከባለለችም። ስልሳ እርምጃ ሲቀራት መሪዋ አፍንጫዋን አነሳች። ዓይኗን ወደ አያንቱ አላዞረችም፣ ጆሮዋንም አላቀናችም። አፍንጫዋን ብቻ አነሳችና ዘለለች፤ አርባ ሁለቱ ተከተሏት።

አያንቱ ጦስኙ ላይ ተቀመጠችና ናሆምን፣ ወይዘሮ ስመኝን፣ ጣሪያውን የሠሩትን ሁሉ ተራ በተራ ሰደበች። ከስድቡ ብዛት ትንፋሽ ሲያጥራት የልብሱን የራስ መከናነቢያ ገፈፈች። ወዲያው የጦስኝ ሽታ አፍንጫዋን ሞላው።

ሁለት ሰዓት ሙሉ በደረቷ የተሳበችው ጦስኝ ላይ ነው፤ ልብሷ አረንጓዴ እስኪሆን ድረስ ጨፍልቃዋለች፤ እስካሁን ግን አንዴም አልሸተታትም።

ከአንገቷ የማትለየውን የአባቷን የቆዳ ከረጢት ፈታች። ውስጡ የደቀቀ አመድ አለ፤ አባቷ ነፋስ የሚያየው በእሱ ነበር። ቆንጥራ ለቀቀችው። አመዱ ቀጥ ብሎ መሪዋ ተኝታበት ወደነበረው ቦታ ሄደ። ቀጥሎ መከናነቢያውን መልሳ ለበሰችና እንደገና አሸተተች። ምንም የለም። ልብሱ የእሷን ብቻ አልነበረም የሚውጠው፤ በአጠገቡ የሚያልፈውን አየር ሁሉ እያጠበ ነበር የሚለቀው። መሪዋ እዚያ ተኝታ ተዳፋቱን ሙሉ ጦስኝ ትተነፍሳለች፤ ከዚያ ድንገት በመሀሉ አንድ ሰው የሚያህል ቀዳዳ ይመጣል። ጦስኝ የለው፣ አፈር የለው፣ ምንም የለው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የዚህ መንጋ እናቶች ልጆቻቸውን ከዚያ ቀዳዳ ሲያሸሹ ኖረዋል። ልብሱ በተሻሻለ ቁጥር ቀዳዳው እየጠራ ሄደ። ናሆም የሰውን ሽታ አላጠፋም፤ አዲስ የሰው ሽታ ነው የሠራው።

ንዴቷ አልበረደም። እንዲያውም ባሰባት፤ የአባቷ ደብዳቤ ትዝ አላት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነፋሱ እንደ ሰሌዳው ከምዕራብ ሆነ፤ መንጋውም ምዕራቡን ጀርባው አድርጎ እንደገና ተኛ። አያንቱ ሽታ ዋጡን አውልቃ አንድ ድንጋይ ሥር ወሸቀችው። በላብ በራሰ የውስጥ ሸሚዝ፣ በባዶ ክንዷ፣ ቀስቷን ይዛ ወረደች። ከተሳሳተች ሌላ ሙከራ የለም፤ ሰዓቱ ለአስር ሩብ ጉዳይ ነበር። ላቧ ለራሷም ይሸታት ነበር፤ የንዴት ላብ ከሥራ ላብ ይብሳል።

ስልሳ እርምጃ ላይ መሪዋ አፍንጫዋን አነሳች። አያንቱ ባለችበት ደረቀች። አጋዘኗ አልዘለለችም። ቀስ ብላ ተነሳች፣ አንገቷን አስረዘመች፣ አየሩን ደጋግማ ማገች። ጀርባዋ ላይ ያሉት ነጫጭ መስመሮች እስኪለዩ ድረስ ቀረበች። ከመንጋው ውስጥ በሕይወቱ የሰው ሽታ ደርሶት የሚያውቅ አንድም አልነበረም፤ ክፉ ነው ብሎ የነገራትም የለም። ሠላሳ አምስት እርምጃ ላይ ቆመችና ጎኗን ሰጠች።

አያንቱ ጅማቱን ሳበችና ለቀቀች። ፍላጻው ትከሻዋን ነክቶ ወደቀ። አጋዘኗ ደንግጣ ጥቂት ሮጠች። መስሚያው “ንጹሕ” አለ፤ ውጤቱም ለጣቢያው ደረሰ። ከርቀት የነፋስ ሰሪዎቹ ድምፅ ሳይቋረጥ ይሰማ ነበር።

በዚህ በደስታ ማልቀስ ትችል ነበር። ግን መሪዋ ቆማ ዞረች። መርፌውን ከሽታው ጋር አላገናኘችውም። አንገቷን እንደገና አስረዝማ፣ ግልገሏን ከኋላ አስከትላ፣ ያንን አዲስ ጨዋማ ሽታ ፍለጋ ወደ አያንቱ መምጣት ጀመረች።

የዚያን ጊዜ ነው እውነተኛው ንዴት የመጣው። በጋ ሊገባ ነው፤ እንግዶቹ ይመጣሉ። ይህች የዋህ እንስሳ እነሱም ልብሱን ካወለቁ እንዲህ አንገቷን ልታስረዝምላቸው ነው። አያንቱ ድንጋይ አነሳች።

“ሂጂ! ሰው ነኝ እኮ! ሂጂልኝ ከዚህ!”

ድንጋዩ ጎኗን መታት። አጋዘኗ ቆም ብላ አየቻት፤ ያንን አስተያየት አያንቱ እስከ ዕለተ ሞቷ አትረሳውም። ሁለተኛውን ስታነሳ እናትም ግልገልም ሸሹ። ድምጿ እስኪዘጋ ድረስ እየጮኸች፣ እየወረወረች፣ አስታው ጫካ አፍ ድረስ አሳደደቻቸው። ከዚያ ተመልሳ ሽታ ዋጡን ለበሰች።

በሩ ላይ ናሆም ከወይዘሮ ስመኝ ጋር ቆሞ ነበር። ልጁ ፊቱ ገርጥቷል፤ የሚመጣበትን አውቋል። አያንቱ ጧት የመረጠችው ስድብ ሁሉ ምላሷ ላይ ነበር፤ የአባቷ የሠላሳ አንድ ዓመት ዕዳም አብሮት። እውነቱን ብትናገር አባቷ ነጻ ይወጣል፤ በማግስቱ ግን እንግዶቹ ልብሱን አውልቀው ይገባሉ። ስድቡን ዋጠችው።

“ልብሱ ሠራ” አለች። “ጥፋቱ የእኔ ነበር። ከእንግዲህ ማንም ሰው ያለ እሱ እንዳይገባ ደንብ ይውጣ።”

ናሆም ዓይኑ እንባ አቀረረ። ወይዘሮ ስመኝ ደስ ብሏቸው ደንቡን ዛሬውኑ እንደሚፈርሙ ተናገሩ፤ ሦስተኛው ዕትምም በእሷ ስም ይጠራል አሉ። አያንቱ በእሷ እንዳይሆን ለመነች፤ በአባቷ ስም ይሁን አለች። ወይዘሮ ስመኝ ገመቹ ማን እንደነበረ አላስታወሱም፤ ቆንጆ ስም ነው ብለው ጻፉት።

በዚያ በጋ እንግዶቹ መጡ። እያንዳንዳቸው ደረታቸው ላይ “ገመቹ” ተብሎ የተጻፈበት ልብስ ለብሰው ጧት ገቡ፣ ማታ ተናደው ወጡ። አያንቱ በሩ ላይ ቆማ ልብሶቹን ትቀበላለች፤ አንዱም ሽታ የለውም። ምን እንዳጠፉ ሲጠይቋት ሰሌዳውን ታሳያቸዋለች።

“ነፋሱ ነው” ትላቸዋለች።