የኪን ሆንግ ጥሩ እንቅልፍ

ፑን ኪን ሆንግ አልጋው ላይ በጀርባው ተንጋሎ ሞቶ ተገኘ። ከእስር ቤት ከወጣ ሳምንት እንኳ አልሞላውም። የሻም ሹይ ፖ ሰፈር ጎረቤቶቹ አስከሬኑ ሳይነሳ ፍርዳቸውን ሰጥተው ጨረሱ፤ «ያው ሄሮይኑ ነው፤ ሌላ ምን ሊገድለው ኖሯል?»

መርማሪ ሲት ለጎረቤት ፍርድ ደንታ የለውም። ቀጭን፣ ነገር ቆፋሪ ሰው ነው፤ ባልደረቦቹ «እሱ የገባበት ምርመራ ቶሎ አያልቅም» ብለው ያሙታል። ጠባቧን ክፍል አገላበጣት። መርፌ የለም። ዱቄቱ የሚጨስበት የተቃጠለ ፎይል የለም። የሟቹ ክንድ ላይ ያለው ጠባሳ ሁሉ የቆየ ነው።

የሟቹ እናት ወይዘሮ ፑን የሚኖሩት ከጣውላው ግድግዳ ወዲያ ነው። መጥተው የሲትን እጅ ያዙ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ብቻ አጣራልኝ። ኪን ሆንግ ወደዚያ መርዝ አልተመለሰም፤ ምሎልኛል። ሱሰኛ ሆኖ ሞተ ተብሎ አይቀበርብኝ።»

«ሌሊት የሰሙት ነገር አለ እማማ?»

«ከወጣ ጀምሮ እንቅልፍ አልነበረውም፤ ሲንጎራደድ ያድር ነበር። እነዚህን ሦስት ሌሊቶች ግን ተኛልኝ። ትናንትማ እንዴት አድርጎ ሲያንኮራፋ! እፎይ ብዬ እኔም ተኛሁ።»

ሲት ፊቱን አዞረ። የሰማውን እንዳልወደደው ያስታውቅበታል።

የሟቹ ሚስት ዩክ ሊን ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። ሙቀቱ ሰው ያፍናል፤ እሷ ግን ሹራብ ደርባለች። ዓይኗም አፍንጫዋም ይፈሳል፤ በየመሀሉ ታዛጋለች። አምፖሉ ፊት ለፊቷ እየበራ ብሌኗ ሰፍቷል።

«አንቺም ትጠቀሚ ነበር?»

«ድሮ። አሁን በየማታው ክሊኒክ ሄጄ ሜታዶን እጠጣለሁ። ሽሮፕ ነው፤ አምሮቱን ይይዝልኛል፣ ሥራ ያውለኛል። ትናንትም ጠጥቻለሁ።»

«ወደ ቤት ይሰጧችኋል?»

«የት! ነርሷ ፊት ነው የሚጠጣው።»

«ለባልሽ ሄሮይን ማን ሊያመጣለት ይችላል?»

«ወፍራሙ ቾይ ነዋ! በወጣ በማግስቱ መጥቶ በር ሲያንኳኳ ነበር።»

ሲት ወፍራሙን ቾይን ከሕንጻው ሥር ካለው ምግብ ቤት ኑድል ሲምግ አገኘው።

«ኧረ አለቃዬ! ሰው በሞተ ቁጥር የምፈለገው እኔ ነኝ?»

«ሸጥክለት?»

«ልሸጥለት ሄጄ ነበር፤ አልዋሽህም። በሩን ፊቴ ላይ ዘጋው።»

«አንተስ አቁመሃል?»

«እኔም ያችኑ ሽሮፕ እጠጣለሁ፤ ከዩክ ሊን ጋር አንድ ሰልፍ ነን። ሥራ ሌላ፣ ጤና ሌላ።»

እጁ አይንቀጠቀጥም። ሁለተኛ ሳህን አዘዘ።

የአስከሬን ምርመራው ውጤት ሲመጣ ሲት ሦስቱንም በወይዘሮ ፑን ክፍል ሰበሰባቸው።

«እማማ፣ ልጅዎ ደም ውስጥ ሄሮይን አልተገኘም።»

አሮጊቷ ደረታቸውን ደቁ። «አላልኳችሁም!»

«የተገኘው ሜታዶን ነው። እዚህ ካለነው መድኃኒቱን የሚወስዱት ሁለት ናቸው። ክሊኒኩ ወደ ቤት አይሰጥም፤ ስለዚህ ከሁለቱ አንዱ ሳይውጥ በአፉ ይዞ ወጥቷል። ያልዋጠን ሰው ደግሞ ሰውነቱ ያጋልጠዋል። ቾይ ደህና ሆኖ ይበላ ነበር። ዩክ ሊን ግን በዚያ ሙቀት ይበርዳት፣ ታዛጋ ነበር። እንባዋን እኔም የሐዘን ነው ብዬ ነበር፤ ሐዘን ግን ብሌን አያሰፋም፤ የሚያሰፋው የመድኃኒቱ መቅረት ነው። ትናንት የጠጣ ሰው እንዲህ አይሆንም፤ ያኔ መድኃኒቱ ከቀረባት ቀናት አልፈው ነበር። እማማ ልጄ ተኛልኝ ያሉኝም ሦስት ሌሊት ነው።»

«አለቃዬ፣ እሷ እኮ ትወደው ነበር» አለ ቾይ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ ጠፋው።

«ስለምትወደው ነው የሰጠችው።»

ዩክ ሊን አልካደችም። «‹ዛሬ ካልያዝሽኝ ቾይ ጋ መሄዴ ነው› አለኝ። እኔን ያቆመኝ መድኃኒት እሱን ይገድላል ብዬ እንዴት ላስብ? የመጀመሪያ ቀን ተኛ፤ ጠዋት ሳቀልኝ። ያዘለት ብዬ ደገምኩት።»

«ያንቺ ሰውነት ለዓመታት ለምዶታል። የእሱ ሰውነት ግን እስር ቤት ሳለ ልማዱን ረስቶታል። መድኃኒቱ ደግሞ ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፤ በላይ በላዩ ተጠራቀመ። ማንኮራፋቱ የእንቅልፍ አልነበረም፤ ትንፋሽ እያጠረው ነበር።»

ወይዘሮ ፑን ጣውላውን ተደገፉ። ከዚያ በምራታቸው ላይ ጮሁ፤ «ሐኪም አልነበረም? ለምን ሐኪም ጋ አልወሰድሽውም?»

«ሄዶ ነበር እኮ! ሐኪሙ ሽሮፑን ከጥቂት ጀምረን እያየን እንጨምርልህ አለው። ካልፈለግህ ከምላስ ሥር የሚሟሟ ኪኒን አለ አለው። ሄሮይን ብትወስድ እንኳ እንዳይሰማህ የሚከለክል ኪኒንም አለ፤ አሁን ንጹህ ስለሆንክ ልትጀምረው ትችላለህ አለው። በማግስቱ ሊጀምር ሲል እርስዎ በር ላይ ቆሙ! ‹ልጄ ድኗል፤ ከሱሰኛ ጋር ተሰልፎ አያዋርደኝም› አሉ!»

አሮጊቷ ወደ ሲት ዞሩ። «ንጹህ ሆኖ ነው የሞተው፣ አይደል?»

«አዎ።»

«ታዲያ ንጹህ ከሆነ…»

«ንጹህ ባይሆን ኖሮ ላይገድለው ይችል ነበር።»

ሲት ይህን በማለቱ ወዲያው ተጸጸተ። ዩክ ሊንን ክንዷን ይዞ አስነሳት።

«ፖሊስ ጣቢያ ከመድረሳችን በፊት በክሊኒኩ በኩል እናልፋለን» አላት። «መድኃኒትሽን ትወስጃለሽ።»

ወይዘሮ ፑን ቀድመው በሩን ዘጉ።

«አትወስዳትም! ልጄ ያላገኘውን እሷ አታገኝም!»

ሲት አሮጊቷን በቀስታ ገለል አድርጎ አለፈ። ዩክ ሊን ግን ደረጃው ላይ ስትደርስ ቁጭ አለች።

«ክሊኒኩን ተወው» አለችው። «እውነታቸውን ነው።»